ያልማለው ጥበቃ

ሐሙስ፣ አየር ጤና

ወደ ወልቂጤ የምሄደው የአጎቴ ልጅ እታገኝ የስፌት መኪናዋ ስለተሰረቀባት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ሌባው የመኪናውን ጭንቅላት ፈትቶ ወስዶ የብረት እግሩን ትቶላታል። ከቡታጅራ አሮጌ መኪና ፈልጌ እንድገዛላት ለመነችኝ።

የተማሩ ወዳጆቼ ስለ ሌብነት ሁለት ዓይነት አስተያየት አላቸው። ግማሾቹ ሌባ የሥርዓቱ ሰለባ ነው፣ የሌባ ወሬም በባለሥልጣንና በጋዜጣ የተጋነነ ነው ይላሉ። ግማሾቹ ይታሰር፣ ቁልፉም ይጣል ይላሉ። የሁለቱንም ወገን መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ እታገኝ በየትኛውም ውስጥ የለችም። ድሃን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰርቀው ድሃ ጎረቤቱ መሆኑን አንዱ ወገን መጻፍ ያፍራል፣ ሌላው ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ሚኒባሱ ሞላ፤ ከሞላ በኋላ አራት ሰው ተጨመረና ተነሳን።

ወልቂጤ

ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፈን ከምሳ በፊት ገባን። እታገኝ የምትሠራው ዘጠኝ ትንንሽ ሱቆች በተደረደሩበት መስመር ላይ ነው፤ ብየዳ፣ ጫማ፣ ስልክ ጥገና። ባለሱቆቹ አዋጥተው ማርቆስ የሚባል የቆሼ ከተማ ሰው ለጥበቃ ቀጥረዋል።

መኪናው የጠፋው መስቀል ሊደርስ ሲል ነው። ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ጠሩ። የመስመሩ ሰው አንድ በአንድ እየቆመ «አልሰረቅሁም፣ የሰረቀም አላየሁ» ብሎ ማለ። ማርቆስ ብቻ አልምልም አለ። ስለዚህ እሁድ ሊያሰናብቱት ነው።

«እምነቴ መሐላ ይከለክለኛል፣ ጋሼ» አለኝ።

«ሌሎቹ ጴንጤዎች ማሉ እኮ።»

«እነሱ ሱቅ አላቸው። ለሱቃቸው ማሉ። እኔ አራት ልጅ ነው ያለኝ፤ ለነሱ ብዬ ብምል ምን አስተማርኳቸው?»

እታገኝ ከእሱ ጋር አንድ ቸርች ነው የምትጸልየው። ስላልተከራከረችለትም አንገቷን ደፋች።

«እኔ ሌባ አላልኩትም። ግን ሽመልስ እንኳ ማለ! ያውም ከሁሉ ቀድሞ።»

ሽመልስ የጫማ ሰሪው ወንድም ነው። መርካቶ የነበረው ንግድ ከስሮበት በነሐሴ ተመልሷል። «ቢከስርም ወግ ያውቃል» አለች እታገኝ። «ለመስቀል ሙሉ ታፋ ይዞ ገብቶ መስመሩን በሙሉ ክትፎ አብልቶናል።»

ጉዳዩን የያዘውን ፖሊስ አገኘሁት። «ሰው አይነግረንም፣ ጋሼ» አለኝ። «ያልተነገረንን ከየት እናምጣ?» ባለሱቆቹን ለምን እንደማይናገሩ ጠየቅኋቸው። «ጣቢያ ማን ሲመላለስ ይከርማል?» አሉኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

አርብ፣ ቡታጅራ

በአገና በኩል ሄድኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። አገና ላይ ቆጮ በጎመንና በአይብ በላሁና አመሻሽ ላይ ቡታጅራ ገባሁ። አሮጌ የስፌት መኪና እየጠገነ የሚሸጥ ጋሽ ኑሪ የሚባል ሰው እንዳለ ነግረውኝ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም! ግባ፣ ብርዱን አታስገባብን።»

በዘጠኝ ሺህ ብር ተስማማን። «የራሷን መልሰው እንዳይሸጡልኝ» ብዬ ቀለድኩ። «የእሷ መዞሪያው ተሰብሮ በእንጨት የተተካ ነው።»

ጋሽ ኑሪ ጠመንጃ መፍቻውን አስቀመጠ።

«የእንጨት መዞሪያ ያላት? እሷማ እዚህ መጥታ ነበር። ሽመልስ ነው ያመጣት፤ መርካቶ ሳለሁ ጎኔ ይሸጥ የነበረው። ‹ኑሪ፣ መስቀልን ባዶ እጄን ልግባ?› አለኝ። ነገሩ ገባኝ፤ አልገዛኋትም። ሌላ ገዢ አግኝቶ ሄደ።»

«ለፖሊስ አልተናገሩም?»

«ሱቄን ማን ይጠብቅልኛል?»

ሽመልስ አልተራበም፤ ወንድሙ ያበላው ነበር። ግን በዚያ ሳምንት የአዲስ አበባ መኪኖች ተሰልፈው ወደየመንደሩ ይገባሉ፤ እናቶችም የማን ልጅ ምን ይዞ እንደመጣ ይቆጥራሉ። አገሩ እኩል ቢደኸይ ኖሮ የእታገኝ የስፌት መኪና ቦታዋ ላይ ትገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህ ሽመልስን ንጹሕ አያደርገውም። እታገኝንም የሰረቃት ሳምንቱ አይደለም፤ ሰው ነው።

«እሁድ ጥበቃው ይባረራል» አልኩት። «አራት ልጆች አሉት። አልምልም ስላለ ነው። ሽመልስ ግን ከሁሉ ቀድሞ ማለ።»

«በመሐላው የሚቀልድ እያለ፣ መሐላን የፈራው ሊባረር?» አለ ጋሽ ኑሪ። «ፖሊሱ እዚህ ይምጣና ይጻፍ። እኔ ግን ሱቄን አልዘጋም።»

ለወልቂጤው ፖሊስ ደወልኩ። ፖሊሱ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጣና አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በመሃል ጋሽ ኑሪ ሁለት ደንበኛ ሸኘ። ወንጀልን ስለ መቀነስ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል ያሳመነኝ የለም።

እሁድ፣ ቡኢ

የገዛሁትን መኪና ወደ ወልቂጤ በሚሄድ ሚኒባስ ልኬ ወደ ቤቴ ተነሳሁ። ቡኢ ላይ ቆመን ሳለ እታገኝ ደወለች።

«ማርቆስ ሥራው ላይ ቀረልን! ሽመልስ መስረቁን አመነ። ሽማግሌዎቹ ማርቆስን ቆመው ይቅርታ ጠየቁት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ሌላ ጊዜ ሰው ከማስማላችሁ በፊት ዞራችሁ ጠይቁ› አላቸው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወንድሜ... ያ ክትፎ... መኪናዬን ነው የበላሁት ማለት ነው?»

«ጣፍጦሽ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ እኮ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ እየቆየ ለቅሶ መሰለ።

አዲስ አበባ

በዓለም ገና በኩል ገብቼ ከኮንዶሚኒየማችን በር ደረስኩ። ጥበቃው ከፈተልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲከፍትልኝ ኖሯል፤ ስሙን አላውቅም። ቦርሳዬን አስቀመጥኩና ጠየቅሁት።

ፊቱ ተለወጠ። «ምን ጠፋብዎት፣ ጋሼ?» አለኝ።