የዱካሞ ሱቅ አራተኛ ስም

የሆሳዕናው ዱካሞ በተሰደደበት አገር ሱቁ በተዘረፈ ቁጥር የሱቁን ስም ይለውጣል። መጀመሪያ ኤቤንኤዘር ነበር፤ ተዘርፎ ተቃጠለ። ሌላ ሰፈር ከፍቶ ጵኒኤል አለው፤ በሩን ገንጥለው ባዶ አደረጉት። ኮዝሞ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ሲገባ ሻሎም ብሎ ጻፈ። ሰው መከራውን መለወጥ ሲያቅተው ስም መለወጥ ይቀለዋል። ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ ጎረምሶች፣ ጠዋት ዳቦ የገዙት ራሳቸው፣ በሩን በዱላ ደብድበው "እስከ ቅዳሜ ውጡ" ብለውት ሄዱ።

ሐሙስ ሐበሻ ከሚነግድበት ከጀፕ ሰፈር ተነስቼ ልጠይቀው ሄድኩ። ሚስቱ አማረች ዕቃውን በር ላይ ከምራ ታክሲ አቁማለች። እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ሻሎምን በነጭ ቀለም ያጠፋል።

"ጋሼ፣ ይንገሩት እንጂ! የሚጠሉት እኛን ነው ወይስ ግድግዳውን?" አለችኝ።

"ከጸሎት ወንድሞች ጋር ጾም ይዘናል" አለ ከላይ። "አዲሱ ስም እየተጸለየበት ዕቃ ማሸሽ አለማመን ነው።"

ተናደድኩ። እንዲያፍር ብዬ ስለ ድሮዋ ጃፓን ነገርኩት። እዚያ ዘመን ራሱ ስም ይወጣለት ነበር፤ መቅሠፍት ሲወርድ፣ ሰማይ ላይ ክፉ ምልክት ሲታይ፣ ቤተ መንግሥቱ የዘመኑን ስም ይለውጣል። ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ሪያኩኒን ያሉት ዘመን ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው እሱንም ለወጡት።

"መቅሠፍት ማንበብ አይችልም፣ ዱካሞ" አልኩት።

ብሩሹን ይዞ አሰበ። "ነገሥታቱም ያደርጉታል ማለት ነዋ! ሁለት ወር ካገኘሁ እኮ ይበቃኛል፤ ዕቃዬን ሸጬ እጨርሳለሁ።"

"ደግ አደረጉ ጋሼ!" አለች አማረች። "ይኼ ነበር የቀረው።" ዘይት የያዘ ካርቶን አነሳች።

"አንድ ካርቶን ብትነኪ ሚስቴ አይደለሽም!"

"እሺ፣ አይደለሁም።"

ከመሰላሉ ወርዶ ካርቶኑን ሊነጥቃት ታገለ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ተሳደበ፤ በመጨረሻ እሷንና ጥቂት ካርቶን ዘይት ጭኖ ነዳ። እኔም አብሬያት ተሳፈርኩ። ዱካሞ ተመልሶ ወጣና ርኆቦት ብሎ ጻፈ፤ በትልቁ፣ በቀይ።

ቅዳሜ መጡ። ከጎረምሶቹ አንዱ ቀና ብሎ አነበበና "ማይ ፍሬንድ፣ ስሙ ያምራል" አለው። ከዚያ በሩን ገነጠሉ። ፍሪጁን እንኳ አልተዉለትም።

አሁን አማረች ጀፕ ውስጥ ከአንድ ግድግዳ ሥር ያንን ዘይት ትሸጣለች። ዱካሞ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ዘይቱን መደርደሯን ቀጠለች።

"ምን ብለሽ ሰየምሽው?"

"ስም የለውም።"

"ልጻፍልሽ?"

"መሸከም ከቻልክ ያቺን ካርቶን አንሳ። ካልሆነ መንገዱ ያው።"

አነሳ። ግን ጎንበስ ሲልም በዓይኑ ግድግዳውን ይለካ ነበር።