ሻርፕ ሲወልቅ

ሹሮባላ ቦውዲ ሁለት ዓሣ ሦስት ዓመት ጠበቀች። ቦውዲ የምላት የታላቅ ወንድሜ የቢሬን ሚስት ስለሆነች ነው። ዓሦቹን ጣት ሳያክሉ ኩሬው ውስጥ የለቀቃቸው እሱ ነበር፤ "የልጃችን የኒታይ የሠርግ ዓሣ እነዚህ ናቸው" ብሎ። በእርድ ቅብ ቀን፣ ሙሽሮች የእርድ ቅመም በሚቀቡበት በሠርጉ ማለዳ፣ የወንዱ ቤት ዓሣ እንደ ሙሽራ አልብሶ ለሴቷ ቤት ይልካል። ከገበያ ገዝቶ የላከ አይታማም፤ ቁስል ያለበት የላከ ግን እስከ ልጅ ልጁ ይተረትበታል።

ቢሬን ኩሬው ውስጥ ቀርከሃ ሲተክል እንዲህ ያንጎራጉር ነበር፦

ኩሬ ሙሉ ብር አለኝ፣ ሲዋኝ የሚያድር፣
ለልጄ ሠርግ እንጂ፣ ለገበያ አልድር።

የዓሣ ቅማል ቅጫሙን ቀርከሃው ላይ ይጥላል፤ ቅጫሙ ሳይፈለፈል ቀርከሃው ይነቀልና እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በሦስተኛው ዓመት ብርዱ ሊገባ ሲል ወንድሜ ታመመ። ከመሞቱ በፊት "ጨረቃ በሞላች ቁጥር ንቀይው" አላት። ሌላ አልጨመረም።

እሷም እንዳላት አደረገች። ባል የሞተባት ሴት እኛ ዘንድ ዓሣ አትቀምስም፤ ያቺን የማትቀምሰውን ነገር ነጭ ልብሷን ለብሳ ኩሬው ዳር ስትጠብቅ ትውል ነበር።

ሠርጉ ሃያ ቀን ሲቀረው ዓሦቹ መዝለል ጀመሩ። ጎናቸውን ቀርከሃው ላይ ያሻሉ። ጎኩል ካካን፣ ሁላችን አጎት የምንለውን ሽማግሌ መረብ ጣይ፣ ጠራሁት። ቁጢጥ ብሎ ትንሽ አየና፣

"ቦውማ፣ ሻርፕሽን መቼ አወለቅሽ?" አላት ቦውዲን፣ እንደ ምራቱ እየጠራ።

"ምን አገናኘው ካካ? ዘንድሮ ሙቀቱ ቸኩሏል፤ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው።"

"ቀርከሃውንስ?"

"ጨረቃ ስትሞላ ነቅያለሁ። እንደገና እስክትሞላ ገና ነው።"

"ባልሽ የነገረሽ የብርዱን ነዋ። ሻርፕ ሲለበስ በጨረቃ፣ ሲወልቅ በገበያ ነው የሚቆጠረው። አንቺን ሲሞቅሽ ቅማሉን አይሞቀውም? በሙቀት ቶሎ ይፈለፈላል። ሐሙስ፣ ገበያው በዋለ ቁጥር፣ መንቀል ነበረብሽ።"

ቦውዲ መሬት ላይ ዘፍ አለች። "የዓሣ ጠባቂ አድርጎኝ ቢሄድ የቅማል እረኛ ሆንኩ።"

"እንግዲያስ ተነሺ፤ እረኛ ቁጭ ብላ ስታለቅስ መንጋው ይበዛል።"

እስከ ደረቴ ገብቼ የመጀመሪያውን ቀርከሃ ነቀልኩ። ቅጫሙ ሰሊጥ በረድፍ የተለጠፈ ይመስላል። ባዶ ከሆነ ተፈልፍሎ ኩሬውን ሞልቶታል ማለት ነው። ቦውዲ በጥፍሯ ጫን አለችው፤ ጧ አለ።

"ሙሉ ነው" አለች፣ በሹክሹክታ።

"አንድ ገበያ ብትዘገዪ ኖሮ አለቀልሽ ነበር" አለ ካካ።

ዐሥራ አንዱንም ቀርከሃ ነቅለን መንገዱ ላይ አሰጣናቸው። ከዚያ ካካ መረቡን ጣለ፤ ሁለቱን ዓሦች ለአፍታ ጨው ውሃ ውስጥ ነክረን የተጣበቀባቸውን ቅማል በጣታችን ለቀምን። በትልቋ ዓሣ ጎን ላይ ምስር የምታክል ቀይ ቁስል አገኘን። ቦውዲ ቁስሏን አየች፣ እኔን አየች፤ ቀርከሃው ሲደርቅ መልሳ ተከለችው። ከዚያ ወዲያ ሳትነቅል ያለፋት ሐሙስ የለም።

የእርድ ቅቡ ቀን ማክሰኞ ዋለ። ዓሦቹን ቀይ ጨርቅ አልብሰን ለትልቋ ግንባሯ ላይ ሲንዱር የሚባለውን የሙሽራ ቀይ ዱቄት ቀባንላት። ቦውዲ ባሏ የሞተባት ናትና ቤት ቀረች፤ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። "ከጠየቁህ አትዋሽ" አለችኝ።

የሙሽሪት አክስት፣ ምላሷ ከቢላ የማያንስ ሴትዮ፣ ጨርቁን ገለጠች። አውራ ጣቷ እዚያችው ቦታ ላይ ቆመ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

አልዋሸሁም። "ቅማል ነክሷት ነበር። የሙሽራው እናት ለቅማ አዳነቻት።"

አክስትየዋ ዳሰሰችው። አዲስ ቅርፊት ወጥቶበታል፤ ስስ ነው፣ ከሌላው ይልቅ ያበራል።

"ድኗል" አለች። "የእኛም ልጅ የአራት ወንድሞቿን ራስ ስትለቅም ነው ያደገችው። ለአማቷ ንገራት፤ ቀርከሃውን ታስረክባት።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። 

ስመለስ ቦውዲ ኩሬው ዳር ቆማ ነበር። "ተቀበሏት?" ብቻ አለች። ነገርኳት። ቀርከሃው ክምር ላይ ተቀምጣ ዓይኗ እስኪረጥብ ሳቀች። ቆይታም ያቺን የወንድሜን ግጥም፣ ከሞተ ወዲህ ከአፏ ያልሰማኋትን፣ ቀስ አድርጋ አንጎራጎረቻት።

"ሐሙስ ስንት ቀን ቀረው?" አለችኝ።

"ሁለት።"

"ሙሽራዋ ለነቀላው ትደርሳለቻ።"