አባቴ ያመጣው ከሰል

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤታችን በልጅ ይሞላል፤ ልጅ የሞላበት ቤት ደግሞ ምድጃው አያርፍም። በዚያ ክረምት ግን የእናቴ ከሰል አይነካም ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ስንቅ ጭኖ ወደ ጦር ግንባር እንዲሄድ ሲታዘዝ፣ ከመነሳቱ በፊት ከሚኤሶ አንድ ጆንያ ከሰል አምጥቶልን ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። እናቴ ጆንያውን በላስቲክ ሸፍና፣ ጣራው በማያፈስበት በኩል፣ አልጋዋ ሥር አኖረችው።

"እሱ ሲመጣ ይከፈታል" አለች።

ይህ ለልጅ ሆድ መልስ አይሆንም። የአሰበ ተፈሪ ክረምት ብርዱም ጭቃውም አይጣል ነው። ዝናብ አግቶን ስንጨቃጨቅ እንውላለን። ትንሹ ወንድሜ የበቆሎ እሸት ይዞ "ልጥበስ?" እያለ ከኋላዋ አይለይም።

"ጥሬውን ብላ፣ ጥርስህ ይጠነክራል" ትለዋለች።

ያዳነችን አዳዳ ናት። በኦሮምኛ አክስቴ እንደማለት ነው፤ ሙስሊሟን ጎረቤታችንን ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራት። ያን ዓመት የእኛ ፍልሰታና የእነሱ ረመዳን ገጠሙ። እኛ በጾሙ፣ እነሱ በኑሮው ምክንያት ሥጋ የሚባል ስለሌለን፣ በአንድ ምድጃ ማብሰል አላስቸገረም።

"ለሁለት ሽሮ ሁለት እሳት ምን ያደርጋል? ድስትሽን ይዘሽ ነይ" አለቻት እናቴን።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እውነት ነው። ጆንያው ለምን እንደማይከፈት እያወቀች አንድም ቀን አላነሳችባትም።

መርዶው የመጣው በዚያው ጾም፣ ገና ሳይነጋ ነው። ለቀስተኛው ጋቢው ውሃ እያንጠባጠበ ገባ። ቤቱ ይበርዳል። አዳዳ ቤቷ ያለውን ከሰል ሁሉ አምጥታ ጨረሰች፤ የሠፈሩም እንጨት ርሷል። እናቴ ደረቷን መምታት አቁማ ወደ አልጋው ጠቆመች።

"ክፈቱት። እንግዲህ ለማን ላስቀምጠው?"

"ትንሽ ልውሰድና ቀሪውን እናቆየው" አለች አዳዳ።

"ሁሉንም።"

ከሰሉ ደረቅ ስለነበር እንደ ጉድ ነደደ። በዚያ ክረምት ቤታችን ሲሞቅ የመጀመሪያው ነበር፤ መሞቁ ራሱ አስጠላኝ። ትንሹ ወንድሜ ግን ምንም አልገባውም። በቆሎውን ይዞ መጣና ፍሙ ላይ ጣል አደረገው። አንዲት ለቀስተኛ ልትቆጣው ስትል እናቴ በእጇ ከለከለቻት። ከዚያ ጎንበስ አለችና፣ እንዳያርበት በቆሎውን ገለበጠችለት።