ያልለካሁት ሁለት መቶ ሜትር

ባለፈው ሳምንት በቀለ ደወለልኝ። አርባ ምንጭ አብረን የተማርን፣ አንድ ክፍል የተኛን ጓደኛዬ ነው። የድሮ ተማሪዎች መጽሔት ሊያሳትሙ ነውና «ኮሌጁ በሕይወቴ ምን ጨመረ» በሚል ግማሽ ገጽ ጻፍ ይለኛል። «ደግሞ የገረሴውን ጉድህን እንዳትጽፍ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባስበው ባስበው ከዚያ የተሻለ የምጽፈው አጣሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኛ ሁለተኛ ዓመት ነን። አርባ ምንጭ ለእኛ ሙቀት፣ ወባ፣ የሐይቅ ዓሣና እስከ ክርን የሚንጠባጠብ ማንጎ ነበረች። ስለዚህ ለቅየሳ ልምምድ ወደ ገረሴ ደጋ ትወጣላችሁ ስንባል ሹራብ የያዝነው ጥቂቶች ነበርን። በጭነት መኪና ተጭነን ዳገቱን ስንያያዘው ሙዙ ቀረ፣ እንሰትና ገብስ መጣ፣ ጉሙም ተቀበለን። ወጣትነት መቼም ብርድን የሚያምነው ሲያንቀጠቅጠው ነው።

የመንደሩ ገበሬዎች ከተራራው ሥር ያለውን ምንጭ በቦይ እስከ መንደራቸው ሊያወርዱት አስበዋል። የእኛ ድርሻ ቁልቁለቱን ለክተን ችካል መትከል ነው፤ መቆፈሩ የእነሱ። እኔና በቀለ ያረፍነው ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱ ከሆኑት ከጋሽ ዋዳ ቤት ነበር። ባለቤታቸው ጠዋት ጠዋት የተቀቀለ ድንች ከዳጣ ጋር ያቀርቡልናል። ያ ዳጣ ዓይን ያስለቅሳል፤ ግን ከእሳቱ ይልቅ የሚያሞቀን እሱ ነበር። እናቴ ቤት እንኳ እንዲያ ተቀማጥዬ አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ዝናብና ጉም አንድ ላይ ወረደ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ቀርቶናል። መሣሪያውን የማነበውና ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። በቀለን «ግባ፣ ጨርሻለሁ» አልኩትና ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ የቀረውን ቁጥር ከራሴ ፈጥሬ ሞላሁት። ሲደመር ልክ መጣ። ሲያባራ በዚያው ቁጥር ችካሉን ተከልን። ከእኛ ብዙም የማይበልጠው ወጣቱ መምህራችን ደብተሬን አይቶ «እንዲህ ነው እንጂ ሥራ» አለኝ። እኔም ምስጋናውን ሳላፍር ተቀበልኩ።

ቁፋሮው በሚጀመርበት ጠዋት ገበሬዎቹ ዶማቸውን ይዘው ዱቡሻ በሚሉት የመሰብሰቢያ ሜዳቸው ላይ ተቀመጡ። እኛንም አስቀመጡን። ወደ ሥራ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ጋሽ ዋዳ ግን ወደ እኛ ዞረው «ቅድሚያ ሆድ ይጸዳል። የደበቀ ሰው ካለ ይናገራል። ተደብቆ የተጀመረ ሥራ አያምርም» አሉን።

አንዱ ተነሥቶ የጎረቤቱን ሣር ማጨዱን ተናገረ፤ ጋሽ ዋዳ ተረጎሙልን። ሌላው ወንድሙን መስደቡን። ከዚያ ጋሽ ዋዳ ራሳቸው ተነሡ፤ መጀመሪያ በጋሞኛ ተናገሩ፣ ቀጥለው ለእኛ በአማርኛ።

«ከችካላችሁ አንዷ እንሰቴ መሃል ገባች። ነቀልኳት፤ ገፋ አድርጌ ተከልኳት። ጥፋተኛ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። የሐሰት ቁጥር የጻፈ ተማሪ ይባረራል። የተባረረ ጎረምሳ ደግሞ በዚያ ዘመን መድረሻው ብሔራዊ ውትድርና ነው። ታላቅ ወንድሜ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመት አልፎት ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን ያ ሁሉ ሰው በእኔ ውሸት ላይ ዶማውን ሊያነሣ ነው፤ ያን የሚያህሉ ሽማግሌ ስለ አንዲት ችካል ቆመው ሲናዘዙ እኔ እንዴት ልቀመጥ?

ተነሥቼ ተናገርኩ። መምህራችን ፊቱ ተለዋወጠ። «ዕቃህን ሸክፍ። ኮሌጅ እንደደረስን ለአስተዳደሩ አቀርብሃለሁ» አለ።

ጋሽ ዋዳ ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩና በሁለት እጃቸው ይዘው መምህራችን ፊት ተንበረከኩ። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ሣር እየነጩ ከኋላቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ መምህራችን ግን ያን አያውቅም፤ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

«አስተማሪ፣ ልጁ ተናገረ» አሉ ጋሽ ዋዳ። «እኛ ጋ የተናገረ ሰው አይባረርም። ያጎደለውን ይሙላ።»

«እሺ አባቴ፣ እሺ፤ ይነሡልኝ» አለ መምህራችን። እኔ አንገቴን ደፍቼ እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር።

በዚያው ቀን እንደገና ለካን። ስታፉን፣ ያንን ረጅም የመለኪያ እንጨት፣ የያዙልኝ ጋሽ ዋዳ ነበሩ። በእኔ ቁጥር ቢቆፈር ኖሮ ውሃው መንደሩ አፋፍ ላይ ሲደርስ አንድ ክንድ ሽቅብ መውጣት ነበረበት። «አንተ ልጅ፣ ውሃን ዳገት ልታስወጣ ነበር?» ብለው እስከ ማታ ሲያሾፉብኝ ዋሉ። የእሳቸው ችካልም ወደ እንሰቱ ተመለሰች። መምህራችን ለዚያ ልምምድ ዜሮ ሰጠኝ፤ ለአስተዳደሩ ግን ትንፍሽ አላለም። ተመረቅሁ፣ ሠራሁ፣ ልጆች አሳደግሁ።

ወንድሜ አልተመለሰም። እኔ በሕይወት የተረፍኩት በዚያ ልመና ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዛሬ እኔም የጋሽ ዋዳ ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ጉልበቴ አልታዘዝ ይለኛል፤ ለመነሣት የልጄን ትከሻ እይዛለሁ። ያን ጊዜ ያስጨነቀኝ የራሴ ነገር ብቻ ነበር። እኚያ ሰው ከዚያ ብርዳም መሬት ላይ እንዴት እንደተነሡ፣ ማን ደግፎ እንዳነሣቸው እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም።