ሰባ በላት

የሰው እጅ ይዛችሁ የልብ ምት ስትቆጥሩ፣ የሌላ ሰው እጅ የያዛችሁ መስሏችሁ ያውቃል? እኔን ትናንት ክፍል ውስጥ አጋጠመኝ። ስለ ልብ ሳስተምር የአንዲት ተማሪ የእጅ አንጓ ላይ ጣቴን አሳረፍኩና ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ፣ እኔም ልጅ ሳለሁ ነው። አጎቴ ጋሽ ወልዴ ኮልፌ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልባቸው ስለደከመ ውጭ አገር ሄደው፣ ደረታቸው ላይ ከቆዳቸው ሥር፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ መሣሪያ ተቀብሮላቸዋል። የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ያክላል። ባትሪው ሲደክም ምቱ ከሰባ ይወርዳል፤ ያኔ ደረታቸው እንደገና ተከፍቶ መሣሪያው ይቀየራል። በየጠዋቱ ሰዓት ይዤ የምቆጥረው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ቆጥሬ ስጨርስ ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ከጓዳ ሆነው፣ "ስንት ሆነ?" አሉ።

ጋሽ ወልዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዶክተሬ፣ ሰባ በላት" አሉኝ። የማሽን ዘይት የሚሸተው እጃቸው በላብ ርሶ ነበር። "አንድ ቦታ ስንት ጊዜ ተተርትሮ ይሰፋል? ጨርቅም ይሳሳል እኮ።"

እኔ ግን በትክክል በመቁጠሬ ኮርቼ፣ "ስልሳ አራት!" ብዬ ጮህኩ።

ሄዱ፤ ተቀየረላቸው፤ ተመለሱ። እውነቱን መናገሬ እንዳተረፋቸው ሁሉም ነገረኝ። ያን ጩኸቴን ሳስታውስ ግን ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። ከዚያ ወዲያ እጃቸውን ለእትዬ ዘነበች እንጂ ለእኔ ሰጥተው አያውቁም።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ያሉ አዛውንት እጅ ይዛችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩን ከመናገራችሁ በፊት ግን ፊታቸውን እዩልኝ።