ከአዳር መልስ ፓንኬክ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ጠዋት ነበር። የጎረቤት ልጆች ከራት በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ ይነገራቸዋል፤ እኔና ታናሽ እህቴ ህሊና ግን ዓይናችን በቅጡ ሳይገለጥ፣ ፀጉራችን ሳይበጠር፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ከከሰል ምድጃው አጠገብ እንቀመጥ ነበር። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ ተረት ነጋሪያችን ማታ ማታ ቤት አይገኙም ነበር።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ያኔ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። አዳር ገብተው፣ ኮሪደርና ደረጃ ሲወለውሉ አድረው፣ ሲነጋጋ በመጀመሪያው ታክሲ ኮልፌ ይመጣሉ። እናታችን የሞተችው እኔ አሥር ዓመቴን፣ ህሊና አምስት ዓመቷን በያዝንበት ክረምት ነው። አባታችን የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር በወር ሁለቴ ቢመጣ ነው፤ ሲመጣም አቧራውን ታጥቦ፣ ሁለት ቀን ተኝቶ፣ ሁለታችንንም ግንባራችንን ስሞ ይሄዳል። ከለቅሶው በኋላ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ እቴቴ አንዲት ሻንጣ ይዘው መጡና እኛው ዘንድ ቀሩ። ኑ ብሎ የጠራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ማታ እሳቸው ሥራ ሲወጡ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ በራቸውን ገርበብ አድርገው ጆሮ ይጥሉልን ነበር።

ህሊና ያን ክረምት መብላት ተወች። እምቢ አላለችም፤ ያጎረሷትን ትቀበልና ጉንጯ ውስጥ ይዛው ትቀመጣለች። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አፏን ቢከፍቷት ምግቡ እንዳለ ነው። ጤና ጣቢያ ወስደው ሲያስመዝኗት ነርሷ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው። «እንቁላል፣ ወተት፣ አጃ፣ ሙዝ፣ ያገኛችሁትን ስጧት» አለች፤ «ግን አታስገድዷት። ከጎኗ ተቀምጣችሁ አብራችኋት ብሉ። በተለይ ቁርስ እንዳያልፋት።»

እቴቴ በወጣትነታቸው ፈረንጅ ቤት ምግብ ያበስሉ ነበር። ፓንኬክ የተማሩት እዚያ ነው፤ የፈረንጆቹ ግን በነጭ ዱቄትና በስኳር የሚሠራ ስለነበር አይወዱትም። «እሱ ጣፋጭ ነው፤ ቁርስ አይደለም» ይሉ ነበር። የራሳቸውን የሚሠሩት በአጃና በገብስ ዱቄት ነው። በደንብ የበሰለ፣ ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ በሹካ ደፍጥጠው፣ እንቁላል መትተው፣ ወተት ጨምረው፣ ቆንጠር ጨው አድርገው ያማስሉታል። ቀረፋ ካለ ቀረፋ ይነሰንሱበታል። ስኳር አይነካውም። ዱቄቱን ማታ ሥራ ሳይሄዱ ለክተው ያዘጋጁና፣ ጠዋት ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ፈትገው ታጥበው ይጀምራሉ። ያም ሆኖ ከእጃቸው የሆስፒታሉ በረኪና ሽታ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ነበር። እስከ ዛሬ በረኪና ሲሸተኝ አብሮ ሙዝ ይሸተኛል።

መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ሻማ የተገለበጠ ሲኒ ላይ ይተከላል። እቴቴ ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ ያራግቡታል፤ ጭሱ መጀመሪያ ዓይናችንን ያስለቅሰንና ቀስ እያለ በበሩ ይወጣል። ውጭ አዛኑ አልፎ ቅዳሴ ይሰማል፣ ከዚያ ወያላው «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ሲጮህ። ሊጡ መጥበሻው ላይ ይፈስና ትንንሽ ዓይን ማውጣት ይጀምራል። ተረቱም ያኔ ይጀመራል።

ሕጉ እንዲህ ነበር፤ ተረቱ የሚቀጥለው ህሊና ስትውጥ ነው። ማኘክ ብቻውን አይቆጠርም። እቴቴ ጀግናውን ወንዝ መሐል አቁመው ዝም ይላሉ፤ ህሊና ትውጣለች፤ ጀግናው ይሻገራል። አንዳንድ ቀን አንድ ሙሉ ፓንኬክ ታልቅ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጀግናው ወንዝ መሐል ቆሞ ትምህርት ቤት ይረፍድብናል።

ችግሩ እቴቴ ይተኙ ነበር። ሆን ብለው አይደለም። ቃሉን እንደ ጀመሩ ድምፃቸው ይቀጥናል፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ያርፋል፤ ማንኪያው እጃቸው ላይ እንዳለ ነው። ከዚያ ይነቁና «የት ደረስን?» ይላሉ። በዚያ ምክንያት መጨረሻቸውን የማላውቃቸው ተረቶች ብዙ ናቸው። ህሊና በትዕግሥት ትጠብቃቸዋለች፤ እኔ ግን እናደድ ነበር። ያኔ እንቅልፋቸውን እንደ ንቀት ነበር የምቆጥረው። እናቴ ብትሆን አትተኛም ነበር እላለሁ በሆዴ። እናቴ ማታ ማታ ቤቷ ታድር እንደነበር ግን አላስብም።

የግማሽ ዓመት ፈተና የምጀምርበት ቀን ነበር። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን አገላብጣለሁ፤ እቴቴ ደግሞ ድምፁ ስለተዘጋበት አውራ ዶሮ ይናገራሉ። ዶሮው መንደሩን የሚቀሰቅስለት ፍለጋ አህያዋን ለምኖ፣ ውሻውን ለምኖ፣ በመጨረሻ ድመቷ ደጅ ደርሷል። ከዚያ ዝም አሉ። ህሊና ያልዋጠች መስሎኝ ቀና አላልኩም። ሽታው ሲመጣ ነው ቀና ያልኩት። መጥበሻው ይጨሳል፤ ፓንኬኩ ከሰል መስሏል፤ እቴቴ ግድግዳውን ተደግፈው አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ህሊና እየሳለች ሳህኗን ገፋችው።

መጥበሻውን ለማንሳት ስሞክር ጣቴን አቃጠለኝ። ያኔ የያዝኩት ሁሉ ወጣ።

«አንቺ እናታችን አይደለሽም!» ብዬ ጮህኩ። «ሄደሽ ተኚ! ማን ሥሪልን አለሽ?»

እቴቴን በሕይወቴ አንቺ ብዬ አላውቅም። ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምላቸው። እናቴን አንቺ እላት ነበር፤ ያ አንቺ ሌላ ነው። ይሄኛው እንደ ጥፊ ነበር፤ ከአፌ እንደወጣ እኔም ሰማሁት።

እቴቴ ባነው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ከጭሱ ይሁን ከእንቅልፉ አላወቅሁም። «እሺ» አሉ። መጥበሻውን ወስደው በቢላ መፋቅ ጀመሩ። ሊጡ አልቋል። ህሊናን እጇን ይዤ፣ ባዶ ሆዷን፣ ወጣሁ።

ትምህርት ቤት የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ሆነን ከትንንሾቹ መስመር ጫጫታ ተሰማ። ከመሐላቸው አንዷ ወድቃለች። ሳልጠጋ ነው ህሊና መሆኗን ያወቅሁት፤ ጫማዋን አየሁት። መምህርቷ ጥላ ሥር አስተኝታ ፊቷን ውኃ አረጠበችላት፤ ስኳር የበዛበት ሻይም በማንኪያ ሰጠቻት። ህሊና ዓይኗን ስትገልጥ መምህርቷ «ቁርስ በልታለች?» አለችኝ። የህሊናን የጫማ ክር ማሰር ጀመርኩ። «ቤት ውሰጃት» አለች፤ «ፈተናሽን በኋላ ትወስጃለሽ።»

አዝዬአት ሄድኩ። ቀላል ነበረች። የመንገዱን ዳገት ስወጣ እንኳ አልከበደችኝም፤ በዚያ ቀን ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው።

የግቢውን በር ስገፋ ከጓሮ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ እቴቴ ተኝተዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ገንዳ ፊት ቁጢጥ ብለው የእኛን ልብስ ያጥባሉ። እማማ ዘይነባ በላያቸው ቆመው ይናገራሉ።

«አለቃሽ ራሷ ቀን ግቢ ብላ ስትለምንሽ እምቢ ትያለሽ? ሰው ለዚህ ደጅ ይጠናል እኮ! አንቺ ሴትዮ፣ ራስሽን ትገድያለሽ።»

«ቀን ከገባሁ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከቤት መውጣት አለብኝ» አሉ እቴቴ። «ቁርስ ማን ያበላቸዋል? ትንሿ ሰው አጠገቧ ካልተቀመጠ አትቀምስም።»

«ትልቋ አለች አይደል? አሥር ዓመት ሞልቷታል። ታብላት።»

እቴቴ ሸሚዜን ጨመቁት፣ አራገፉት፣ ገመዱ ላይ ሰጡት።

«ትልቋም ልጅ ናት» አሉ። «እኔ በሷ ዕድሜ ቤት ሙሉ ሰው አበላ ነበር ዘይነባ። ለዚያ ነው።»

ምን ያህል እንደቆምኩ አላስታውስም። ህሊና ጀርባዬ ላይ ሆና «እቴቴ» ስትል ዞር አሉ። እንዳዩን የሳሙና እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው ሮጡ፤ ከጀርባዬ ወስደዋት አቀፏት። ምን ሆነች እንጂ ምን አደረግሽ አላሉኝም። ያን ቀን በሙሉ ይቅርታ ልል አፌን እየከፈትኩ ዘጋሁት። ማታ ነጠላቸውን ለብሰው ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ ያየኋቸው ትዝ ይለኛል፤ እግራቸውን ጎተት እያደረጉ ነበር የሚራመዱት፤ ከዚያ በፊት እንዴት እንደሚራመዱ አስተውዬ አላውቅም።

በማግሥቱ ሳይነጋ ተነሳሁ። ከሰሉ እምቢ ብሎኝ ክብሪት ጨረስኩ። ሙዙን ደፈጠጥኩ፣ ሊጡ ውስጥ የገባውን የእንቁላል ቅርፊት ሁለት ጊዜ ለቀምኩ፣ ወተቱን አብዝቼ ሊጡን አቀጠንኩት። እቴቴ በሩን ሲከፍቱ እኔ ፊቴ ጥላሸት ሆኖ መጥበሻው ላይ የተቀዳደደ ነገር እየገለበጥኩ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«ፓንኬክ ነው» አልኩ። «እርስዎ ይቀመጡ።»

ለማለት የቻልኩት ይህን ብቻ ነው። እቴቴ እርስዎን ሰሙ መሰለኝ፤ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ህሊናን ወደ ጎናቸው ሳቡና «እንግዲህ ስሙኝ፤ ዶሮው ድመቷ ደጅ ደርሶ...» ብለው ጀመሩ። ሦስት አረፍተ ነገር አልሞላቸውም፤ ተኙ።

ህሊና እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። «ከዚያስ?» አለችኝ።

ተረቱን አላውቀውም። ድመቷ ምን እንዳለችው ፈጠርኩ፤ አሥር ሰዓት ሙሉ ስትተኛ የምትውል ሰነፍ አደረግኋት። ህሊና ስቃ ዋጠች። ቀጥዬ ዶሮውን ጣራ ላይ አወጣሁት። ዋጠች። ያን ቀን አንዱን ፓንኬክ ግማሹን በላች፤ እቴቴ ግድግዳውን ተደግፈው እያንኮራፉ። አንድ ሰው ደግ አደረግሽ እንዲለኝ ፈልጌ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ አልነቁም፤ እኔም አልቀሰቀስኳቸውም።

በማግሥቱ ህሊና ምንም አልበላችም። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ነገሩ በአንድ ጠዋት አልተስተካከለም፤ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። እቴቴም አዳሩን አልተዉም። እኔ ሊጡን ሠርቼ፣ ከሰሉን አቀጣጥዬ እጠብቃቸው ነበር፤ መጥበሻውን ግን አይለቁልኝም፤ «አንቺ ደብተርሽን ያዢ» ይሉኛል። ህሊና ዛሬ ሐዋሳ ነው የምትሠራው። ከእኔ ትወፍራለች፤ ስነግራት ትናደዳለች።

እኔ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ባለቤቴ ገና ሳይነጋ ነው ሥራ የሚወጣው። አጃውን አሁን ከሱፐርማርኬት በፓኮ እገዛዋለሁ፤ ሌላው ያው ነው። ጠዋት ምድጃው ፊት ስቆም ወገቤን ያመኛል፤ አንዱ ልጅ ካልሲው ይጠፋበታል፣ ሌላዋ ስልኬን ይዛ አትሰማኝም፤ ከቢሮ የመጣ መልእክት እጄ ሊጥ ሆኖ አነብባለሁ። ተረት የምናገርበት ቀን ጥቂት ነው። ብጀምርም ልጆቼ መጨረሻውን ቶሎ ይፈልጋሉ።

እቴቴ አርጅተዋል። አስኮ፣ አባቴ ዘንድ ናቸው። ባለፈው ወር እሑድ ሄጄ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቼላቸው አብረን ተቀመጥን። ሳምንቱ ከብዶኝ ነበር። ደህና ነሽ ወይ ሲሉኝ ደህና ነኝ ብዬ፣ ትንሽ ቆይቼ ሳላስበው ጠየቅኋቸው።

«እቴቴ፣ ያኔ አይደክምዎትም ነበር?»

መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ለልጅ ምን ድካም አለው እንዲሉኝ ነበር የጠበቅሁት፤ እሱን ሰምቼ አፍሬ ልመለስ። እቴቴ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

«ይደክመኝ ነበር» አሉ። «ኧረ በጣም ነበር የሚደክመኝ። አንዳንድ ቀን ታክሲው ውስጥ ሆኜ፣ ዛሬ ባልወርድስ እል ነበር። ዝም ብዬ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ብሄድስ።»

ይህን ለማንም ነግረውት እንደማያውቁ ገባኝ።

«ታዲያስ?» አልኳቸው።

«ታዲያማ እወርድ ነበር።»

ከዚያ ፀሐዩ ዞረ፤ ወንበሩን አንሺልኝ አሉኝ። ከተረቶቻቸው አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ መጨረሻ የሌላቸው ስለሆኑ ለልጆቼም ላወርሳቸው አልቻልኩም። ስለ ታክሲው ያሏትን ግን፣ ጠዋት ማንቂያው ጮሆ እግሬ ከአልጋ አልወርድ ሲለኝ፣ ጨለማው ውስጥ ትንሽ እሰማታለሁ።