ቀዳዳ ያለበት ወረቀት

መጽሐፉን መጀመሪያ ያየሁት ትራስ ሆኖ ነው። በዶርማችን ከእኔ በታች ባለው አልጋ የምትተኛው ልጅ ትራሷ ቀጭን ስለሆነባት ከሥሩ ትደርበው ነበር። ከሰባት መቶ ገጽ በላይ አለው። አዳማ ከገባን ሁለት ወር እንኳን ያልሞላን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነን፤ ከሞጁል ሌላ እንዲህ ያለ ወፍራም ልብ ወለድ ተሸክሞ ካምፓስ የሚመጣ ሰው መኖሩ ገርሞኝ፣ «ይሄ ሁሉ አንድ ታሪክ ነው?» አልኳት።

«የድሮ ታሪክም አለበት፣ መንፈስም አለበት» አለችኝ። «ለእኛ ዕድሜ የተጻፈ ነው ተብሎ ወንድሜ ገዛልኝ። ግን እናቴ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ ጀመረችውና ደንበኛ ቢጠራት ቢጠራት አልሰማ አለች፤ ወላሂ።»

በዶርማችን የምንጠራራው በከተማችን ነው። እሷ የሞጆዋ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው ሞጆ ላይ ሱቅ ከፍተዋል። በር አጠገብ ያለው አልጋ የዱከሟ ነው። እኔ የደራዋ ነኝ። የቀሩት ሦስቱም እንዲሁ።

አንድ ቅዳሜ የዱከሟ ልብስ ልትቀይር የሞጆዋ አልጋ ላይ ዘፍ ስትል ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። መነጽር ነበር። የሞጆዋ ያለ መነጽር ከስንዝር በላይ ያለው ነገር ሁሉ ይደበዝዝባታል፤ ፊደል ለማንበብ ደግሞ ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ መለጠፍ አለባት። አዲሱ ሌንስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አንድ ወር ይፈጃል ተባለ። ለትምህርቱ ማስታወሻ እናነብላታለን፣ እንጽፍላታለን ተባባልን። እሷ ግን መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «ግማሽ ላይ ደርሼ ነበር እኮ!» እያለች ልታለቅስ ደረሰች።

«አነብልሻለሁ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ሰው ሲቸገር ዝም ብዬ ማየት አልወድም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እንድወደድ እፈልግ ነበር። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን መሐላዬ ትዝ አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከዚያ ወዲያ አማርኛ ድምፄን አውጥቼ በሰው ፊት ላለማንበብ ምዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዳማ ብዙ በማትርቀው ደራ ላይ የተማርኩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ መጀመሪያ ያነበብኩት ፊደል ላቲኑ ቁቤ ነው። በቁቤ የሚጠብቅ ድምፅ በሁለት ፊደል ይጻፋል። ‹ባዳ› ብለህ አንድ ዲ ካደረግህ መጥፎ ማለት ነው፤ ሁለት ዲ ካደረግህ ደጋ ይሆናል። ዓይን ያየውን አፍ ይላል፤ አበቃ። አማርኛ ግን የሚጠብቀውንም የሚላላውንም በአንድ ፊደል ጽፎ ለአንባቢው ይተወዋል። አማርኛ ከጎረቤት ጋር ስጫወት ችግር የለብኝም፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ጥርጣሬ ይይዘኛል። ዘጠነኛ ክፍል ተነሺና አንብቢ ተባልኩና የበዓሉን ስም ‹ገና›ን አላልቼ፣ ‹ገና አልመጣም› እንደሚለው አድርጌ አነበብኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹ በሄድኩበት «አንቺ፣ ገና ነሽ?» ሲሉኝ ከረሙ።

ስለዚህ ለሞጆዋ ቃል ስገባ ለራሴ ሌላ ቃል ገባሁ። የማነበውን ሁሉ ቀድሜ አጠናለሁ። ከክፍል ስወጣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ የዕለቱን ገጾች በለሆሳስ አነባለሁ። የተጠራጠርኩትን ቃል በደብተሬ በቁቤ እገለብጠዋለሁ፤ የሚጠብቀውን በሁለት ፊደል። መጽሐፉ የሰው ስለሆነ በእርሳስ እንኳን አልነካሁትም።

የሞጆዋ ለሌሎቹ ስትል ከመጀመሪያው ገጽ እንድጀምር ጠየቀችኝ። ከክፍል መልስ፣ እራት ካፌ ከመከፈቱ በፊት ባለችው ሰዓት ነበር የምናነበው። በመጀመሪያው ቀን የሰማችኝ እሷ ብቻ ናት። በሦስተኛው ቀን የዱከሟ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ቀረበች። በሳምንቱ ዶርሙ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በጥንቱ የባቡር ዘመን፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች የጣቢያ ከተማ ነው። የከተማዋ ስም አይነገርም፤ ነፋሷና አቧራዋ ግን ልክ እንደ አዳማ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ አባት የጣቢያው ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። አንድ ጠዋት ኮቱን ወንበሩ ላይ እንደሰቀለ ጠፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፀሐይ ስትገባ በሰሌዳው ላይ ያልተጻፈ ባቡር በጣቢያው ያልፋል። ድምፅ የለውም። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው ልጅቷን ያዩዋታል። ከመጨረሻው ፉርጎ ኋላ ደግሞ ሐዲድ የሚያቀያይሩት ሽማግሌ ፋኖሳቸውን ይዘው በእግራቸው ይከተላሉ። ሽማግሌው ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል።

ይህን ያነበብኩ ቀን ነፋስ ነበር። «ባቡሩ ሲያልፍ የጣቢያው ደወል ገመዱን ማንም ሳይነካው ተወዛወዘ» የሚለው ላይ ስደርስ የዶርማችን መስኮት ራሱን ገጭ አደረገ። ስድስታችንም እግራችንን ወደ አልጋ ሰበሰብን። ማንም አልሳቀም። እኔ የፈራሁት መንፈሱን አይደለም፤ ከእኔ አፍ በሚወጣ ድምፅ አንድ ክፍል ሰው ትንፋሹን መያዙ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችን ሳሙና ልንገዛ ከተማ ወጥተን ስንመለስ ባጃጁን አስቁመን ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድን። ደራ ሳለሁ አዳማ በመጣሁ ቁጥር በዚያ አልፌያለሁ፤ ቆሜ አይቼው ግን አላውቅም። ሐዲዱ አቧራና ሣር ውጦት እዚህም እዚያም ብቻ ብቅ ይላል። የዱከሟ፣ ስትቀልድ የምትውለዋ ልጅ፣ ሐዲዱን ላለመርገጥ እግሯን ከፍ አድርጋ ተሻገረችው። የሞጆዋ አጎንብሳ በእጇ ዳሰሰችውና፣ «ይሞቃል» አለች። የቀትር ፀሐይ መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን። ግን አንዳችንም ፀሐይ ነው አላልንም።

ትልቁ እንቆቅልሽ የመጣው ሦስት መቶኛው ገጽ አካባቢ ነው። ልጅቷ ሽማግሌው ጥለውት የሄዱትን ፋኖስ ስትከፍት ውስጡ የተጣጠፈ ወረቀት ታገኛለች። ወረቀቱ ላይ «አባትሽ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ ሳንቲም የሚያህል የተቃጠለ ቀዳዳ፤ ከቀዳዳው ወዲያ «አለ»፤ ከዚያ አራት ነጥብ። ሌላ ምንም።

«አለ»ን አላልቼ አነበብኩት፤ ተናገረ እንደ ማለት።

«አባትየው የተናገረው ነገር ተቃጥሏላ!» ብላ የዱከሟ ተነሥታ ቆመች። «አቦ፣ አሁን ይሄ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?»

የመጽሐፉ ልጅም እንደዚያው ነው ያሰበችው። ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች ሁሉ በቀዳዳው ውስጥ የተቃጠለውን የአባቷን ቃል ትፈልጋለች፤ የጣቢያውን ሹም ትጠይቃለች፣ የድሮ ቴሌግራሞች ትበረብራለች፣ ዝም ባለው ባቡር ላይ ትሳፈራለች። እኛም በሩ ጀርባ ወረቀት ለጥፈን እያንዳንዳችን ግምታችንን ጻፍን። የሞጆዋ «‹ይቅር በይኝ› አለ» ብላ አስጻፈች። እኔ «‹እንዳትከተይኝ› አለ» አልኩ። የዱከሟ «‹እራት አስቀምጡልኝ› አለ» ብላ ጻፈችና ሁለት ቀን ሳቅንበት።

አንድ ሐሙስ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ቁጭ ብዬ የዕለቱን ገጽ ሳጠና ልጅቷ በመጨረሻ ከሽማግሌው ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች። «የተቃጠለውን ቃል ይንገሩኝ» ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም፣ «የተቃጠለ ቃል የለም፣ ልጄ» አሏት። «ወረቀቱን ሳገኘው ቀዳዳ ነበረው። የፋኖሱ እሳት ቀድሞኛል። እኔ ከቀዳዳው ወዲህና ወዲያ ጻፍኩበት እንጂ ምንም አልጎደለበትም።»

መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። አባትሽ አለ። ለካ ይጠብቃል። አባቷ አለ። በሕይወት አለ። ሁለት ቃል፣ ሙሉ መልእክት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊቷ ላይ።

ዙሪያዬ የታጠበ ልብስ ይንጠባጠባል፣ ከሩቅ ሰው በኦሮምኛ ስልክ ያወራል፣ እኔ ግን ያቺ አንዲት ፊደል ውስጥ አባትን የሚያህል ሰው ተደብቆ መኖሩን እያየሁ ፊደሏን በጣቴ እዳስስ ነበር። ይህ ታሪክ በቁቤ ቢጻፍ ወረቀቱ በተገኘበት ገጽ ባለቀ ነበር፤ ሁለቱ ኤል ይናገሩ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ያዋረደኝ ያ የአማርኛ ዝምታ፣ ይህን ሁሉ መያዝ ይችል ኖሯል።

ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። ደብተሬን ገለጥኩ። ያንን ሁሉ ከባድ ቃል ስገለብጥ «አለ»ን አልገለበጥኩትም፤ በጣም ቀላል ስለሆነ አልተጠራጠርኩትም። ድምፄን አውጥቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢያነበው ወዲያው ያውቀው ይሆናል፤ ዶርሙን በሙሉ ሁለት ሳምንት ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። የበሩ ጀርባ ግምት ሁሉ የእኔ ስህተት ነው። ዝም ብዬ ባነብላቸው ላያውቁብኝ ይችላሉ። ከነገርኳቸው ግን «ገና ነሽ?» ከደራ ተነሥቶ አዳማ ሊደርስ ነው።

ዶርም ስገባ የሞጆዋ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሌንሱ የዚያን ቀን ጠዋት ደርሶ ነበር። ከእንግዲህ አንባቢ አያስፈልጋትም።

እንደቆምኩ ነገርኳቸው። «ያ ወረቀት ላይ ያለውን ቃል ተሳስቼ ነው ያነበብኩላችሁ። ይጠብቃል። አላልቼ ያነበብኩት በእኔ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

የሞጆዋ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ወደ ኋላ ገለጠች። ገጹን አገኘችውና በአዲሱ መነጽሯ ረጅም ሰዓት አየችው። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ አንዴ ላልቶ፣ አንዴ ጠብቆ።

«አባትሽ... አለ» አለች ጠበቅ አድርጋ። ክንዷን አየችው። «ፀጉሬ ቆመ፤ እዩት።»

«ይቅርታ» አልኩ እንደገና።

«ምን ሆነሽ ነው? መነጽሬ ሳይሰበር እዚህ አልፌ አልነበር? በራሴ ዓይን አንብቤዋለሁ። ያኔም ‹ተናገረ› ብዬ ነው ያነበብኩት።»

«ልጅቷ ራሷ ተሳስታ የለም እንዴ!» አለች የዱከሟ። በሩ ጀርባ ወዳለው ወረቀት ሄዳ የጻፈችውን ስታይ ቆየችና ዞረች። «ቆይ፣ ሰውየው አለ ማለት እኮ የእኔ እራት ይጠቅመዋል ማለት ነው።»

ሳቁ የዘጠነኛ ክፍሉ ዓይነት አልነበረም። እኔም ነበርኩበት።

የሞጆዋ መጽሐፉን መለሰችልኝ። መነጽሯን አውልቃ በማኅደሩ ውስጥ ከተተች፤ የዱከሟ እንዳትቀመጥበት መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቀጥዪ» አለችኝ።

መጽሐፉን ከጨረስን በኋላ ለሴሚስተር እረፍት ደራ ይዤው እንድሄድ ሰጠችኝ። ለታናሽ እህቴ አነብላታለሁ። እሷ እንደ እኔ በቁቤ የጀመረች ናት፤ በየምዕራፉ መጨረሻ «ኢቲ ፉፊ! ኢቲ ፉፊ!» እያለች እንድቀጥል ትጎተጉተኛለች። ትናንት ከሰዓት ፋኖሱ ጋ ደረስን። የመጽሐፉ ልጅ ወረቀቱን እስክትዘረጋ ድረስ አነበብኩ፤ ከዚያ ቆምኩ። ድምፄን ካወጣሁ አንዱን መምረጥ ይኖርብኛል። መጽሐፉን አዙሬ ገጹን በጣቴ አሳየኋት።

እህቴ ጎንበስ ብላ አየችው። ቀዳዳውን አየች፣ ሁለቱን ቃላት አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች።

«ምን አለ?» አለችኝ።